ጠይብና ጠቢብ፤ ከአንኮበር ወፍጮ እስከ ካሉብ ቧንቧ

መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። በዚያው ሰሞን ለጎዴ የማዳበሪያ ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ፤ ፋብሪካው ከካሉብና ከሂላላ በቧንቧ በሚመጣ ጋዝ እንደሚሠራም ተነገረን። እንደ ልማዳችን በሁለት ጎራ ተከፈልን። ደጋፊው አጨበጨበ፣ ተቃዋሚው ተጠራጠረ። በሁለቱም ወገን ከተነገረው ሁሉ ግን እኔ ያልሰማሁት አንድ ቃል አለ። ቃሉ ዝገት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ የብረታ ብረት ነጋዴዎች ወሬ እንጂ የፖለቲካ ቁም ነገር አይደለም ብላችሁ ጽሑፉን አትተዉት። የብረት ቧንቧ ከተቀበረበት ዕለት ጀምሮ ወደ አፈርነት ለመመለስ ይታገላል። ቧንቧ የሚቀብር መንግሥትም ይህን ትግል አብሮ ይረከባል። ትግሉን የሚመራው ደግሞ ሚኒስትሩ ወይም የምክር ቤት አባሉ ሳይሆን መለኪያ ይዞ ጉድጓድ ውስጥ የሚወርድ፣ ያየውን የሚመዘግብ፣ አስፈላጊ ሲሆንም «ይቁም» የሚል ባለሙያ ነው። አገራችን እንዲህ ያለውን ሰው በታሪኳ እንዴት አድርጋ ይዛዋለች? መልሱን ፍለጋ ከኦጋዴን ርቄ ወደ ሰሜን ሸዋ ተራሮች እወጣለሁ። የሸዋ ቤተ መንግሥት ከውጭው ዓለም መኪናና መሐንዲስ ጋር የተዋወቀው በዚያ ነውና።

ወፍጮው ለምን ቆመ?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ያስተዳድሩ የነበሩት ከአንኮበርና ከአንጎለላ ነበር። አንኮበር ከአፋር ቆላ በላይ በገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች፣ ጉም የማይለያት ከተማ ናት። አንጎለላ ደግሞ ከደብረ ብርሃን ብዙም ሳትርቅ በደጋው ሜዳ ላይ ትገኛለች። ንጉሡ የእጅ ሥራ ወዳጅ እንደነበሩ የጎበኟቸው የውጭ ሰዎች ጽፈዋል። በግቢያቸው ብረት ቀጥቃጩ፣ ጠመንጃ ጠጋኙ፣ ብር አንጣሪው ሥራ አይፈታም ነበር። በ1833 ዓ.ም. በካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድ ጠመንጃና መድፍ በገጸ በረከትነት ይዞ መጣ፤ በኅዳር ወር 1834 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ሸዋ የዘመኑን ብረት በእጇ ማስገባት የጀመረችው እንዲህ ነው።

በዚያው ዘመን ዲሜጥሮስ የተባለ ከውጭ የመጣ ባለሙያ በአንኮበር አቅራቢያ በውሃ ኃይል የሚዞር ወፍጮ ሠርቶ ነበር። ወፍጮው ዞረ፤ እህልም ፈጨ። ብዙ ሳይቆይ ግን ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው አሉና ተተወ።

ይህ ታሪክ በተነሳ ቁጥር የሚሰጠው ትርጓሜ አንድ ነው፤ ኋላ ቀርነት ሥልጣኔን አሸነፈ ይባላል። ትርጓሜው ግማሽ እውነት አለው። እኔ ግን ሌላውን ግማሽ መጠየቅ እወዳለሁ። ወፍጮውን የሠራው የውጭ ሰው ነው፤ የማዞሪያውን እንጨትና ብረት የሚጠብቅ፣ ሲላላ የሚያጠብቅ፣ ሲበላ የሚተካ የሸዋ ልጅ አብሮ አልተሾመለትም። እህል መፍጨት ደግሞ በዚያ ዘመን የሴቶችና የባሪያዎች ድካም ነበር። ከወፍጮው የሚጠቀሙት እነዚህ ሲሆኑ፣ በንጉሡ ችሎት ቆመው «መኪናው ይኑርልን» የሚሉበት አፍ አልነበራቸውም። ስለዚህ ወፍጮው ሠሪ ነበረው እንጂ ጠባቂም ጠበቃም አልነበረውም። ሠሪ ብቻ ያለው፣ ጠባቂና ጠበቃ የሌለው መኪና ደግሞ የሰይጣን ነው ባይባልም ከመቆም አይድንም። ዛሬ በየወረዳው መለዋወጫ አጥተው የቆሙትን የውሃ ፓምፖች ያየ ሰው ይህን ለመረዳት የካህናት ግዝት አያስፈልገውም።

ከወፍጮው ይልቅ የሚያሳዝነው ግን የሰዎቹ ታሪክ ነው። በአንኮበር ደኖች ጥግ ጠቢባን የሚባሉ ብረት ሠሪዎች ይኖሩ እንደነበር የዘመኑ ተጓዦች መዝግበዋል። ማረሻውን፣ ምሳሩንና ጦሩን የሚሠሩት እነዚህ ነበሩ። ገበሬው ማረሻው ሲደነዝዝ ያለ እነርሱ መውጫ አልነበረውም፤ ወታደሩም እንዲሁ። ሆኖም ሕዝቡ ይፈራቸውና ይሸሻቸው ነበር። ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ ናቸው ተባለ። ቡዳ ተባሉ። በቋንቋችን ውስጥ የቀረውን ምስክር ተመልከቱ፤ «ጠቢብ» ማለት አዋቂ ማለት ነው፤ «ጠይብ» የሚለው ስድብ የወጣው ከዚያው ቃል ነው። አንድ ሕዝብ ዕውቀትን የሚያመሰግንበትን ቃል ወስዶ ብረት የሚያውቀውን ሰው ሰደበበት። ይህ ከወፍጮው መተው የከፋ ኪሳራ ነው። ወፍጮ በሌላ ወፍጮ ይተካል። የተዋረደ ሙያ ግን ልጅ አይወርሰውም፤ የወረሰውም ቢሆን የሚያውቀውን በአደባባይ አይናገርም።

ሽቅብ የሄደው ውሃ

በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የተባለ ወጣት የስዊስ መሐንዲስ ሁለት የእጅ ባለሙያ ያገሩን ሰዎች አስከትሎ አንኮበር ገባ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ናቸው ያስመጡት። መሐንዲሱን ለመፈተን ጫማ እንዲሰፋ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ አዘዙት የሚለው ወግ እስከ ዛሬ ይነገራል። ኢልግ ከአንኮበር ተነስቶ ከንጉሡ ጋር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ወረደ፤ ድልድይ ሠራ፣ በ1886 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱን ፈቃድ ተቀበለ፣ የንጉሠ ነገሥቱም አማካሪ ሆነ።

ለዛሬው ጉዳያችን የሚያስፈልገን ሥራው ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ የዘረጋው የውሃ ቧንቧ ነው። የቤተ መንግሥቱ ሰውም የከተማው ሰውም የተደነቀው ውሃው ቁልቁል ከወረደ በኋላ መልሶ ሽቅብ በመውጣቱ ነበር። ምስጢሩ ቀላል ነው፤ ምንጩ ከቤተ መንግሥቱ ይበልጥ ከፍ ያለ ስለሆነ የውሃው ክብደት ራሱ ይገፋዋል። ነገር ግን ያ ግፊት ሁሉ የሚያርፈው በሸለቆው ውስጥ በተቀበረው የቧንቧ ግድግዳ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ሽቅብ የወጣውን ውሃ ያይ ነበር። ከመሬት በታች ግፊቱን ተሸክሞ ያለውን ብረት ግን ማን ያየዋል? በእኔ አስተያየት የመንግሥታችን ዓይን እስከ ዛሬ ድረስ ተተክሎ የቀረው በዚያ ኮረብታ አናት ላይ ነው። ምርቃቱ ይታየናል፤ ቧንቧው አይታየንም።

ለዐፄ ምኒልክ አንድ ነገር ማመስገን ግን ይገባናል። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለሙያን በሙያው መስደብ ከለከሉ። ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን በሌላ የንቀት ስም መጥራት አገርን ከባለ እጅ የሚያራቁት መሆኑን ንጉሠ ነገሥቱ ተረድተውታል። አዋጁ የተነገረው የመጀመሪያው ዘመናዊ ትምህርት ቤት በስማቸው ከመከፈቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ስድብን በአዋጅ መከልከል ግን አንድ ነገር ነው፤ ለባለሙያው ሥልጣን መስጠት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ተደርጓል። ሁለተኛው እስከ ዛሬ በብዙ ቦታ ይቀረናል።

ዝገት እንዴት ይሠራል?

እስቲ ጥቂት ወደ ሙያው ልግባ፤ ያለዚህ ነገሩ ስብከት ብቻ ይሆናል። ዝገት የብረት እርጅና አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ያለበት ኬሚካዊ ሥራ ነው። እርጥበት፣ አየርና ጨው ባሉበት አንዱ የብረት ክፍል ኤሌክትሮን እየለቀቀ ይሟሟል፤ ሌላው ክፍል ይቀበላል። የሚሟሟው ቦታ እየሳሳ ሄዶ ይበሳል። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በእርጥብ አፈር ውስጥ ከተነካኩ ደግሞ አንዱ ሌላውን ያስበላል።

የሰሜን ሸዋን ደጋ የሚያውቅ ሰው መረሬውን ያውቃል። ይህ ጥቁር የሸክላ አፈር ክረምት ውሃ አቁሮ ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ሲያብጥ ቧንቧውን ይጫነዋል፤ ሲሰነጠቅ የቧንቧውን ልባስ ይጎትተዋል፤ በስንጥቁም አየር ያስገባል። ስለዚህ በደብረ ብርሃን ዙሪያ የተቀበረ ብረት በደረቅና አሸዋማ አፈር ከተቀበረው ይልቅ ተጠርጥሮ መያዝ አለበት። ይህን ለማወቅ ቅየሳ የሚወስደው ባለሙያ የአፈሩን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ይለካል፤ ተቃውሞው ባነሰ መጠን አፈሩ ብረት በላ ይሆናል።

መከላከያው ሁለት ነው። አንደኛው ልባስ ነው። ሁለተኛው ካቶዲክ ፕሮቴክሽን የሚባለው ነው። እንግሊዛዊው ሰር ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1824 የመርከቦችን የመዳብ ልባስ ለማዳን ዚንክና ብረት አጠገቡ አስሮ አሳይቷል፤ ዚንኩ እየተበላ መዳቡ ዳነ። በእኛ አማርኛ ቤዛ ብንለው ይገባል። አሜሪካዊው ሮበርት ኩን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1928 ይህንኑ መርሕ በኒው ኦርሊንስ ለጋዝ ቧንቧ አዋለው። የቤታችን ቆርቆሮ ጣሪያ ዕድሜ የሚያገኘውም በላዩ ያለው ዚንክ ስለሚሠዋለት ነው።

ሁለቱም መከላከያዎች ግን ካልተፈተሹ ዋጋ የላቸውም። ፈታሹ በድምፅ ሞገድ የቧንቧውን ግድግዳ ውፍረት ይለካል። አንድ ምሳሌ ላንሳ። ሲቀበር 9.5 ሚሊ ሜትር የነበረ ግድግዳ ከ10 ዓመት በኋላ 7.5 ሆኖ ቢገኝ በዓመት 0.2 ሚሊ ሜትር ይበላል ማለት ነው። ግፊቱን ለመሸከም የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ውፍረት 5.5 ከሆነ ቀሪ ዕድሜው 10 ዓመት ነው። በነዳጅ ፋብሪካዎች ቧንቧ ላይ የሚሠራበት ኤፒአይ 570 የተባለው ደንብ የሚቀጥለው ልኬት ከቀሪው ዕድሜ ግማሽ፣ ማለትም ከ5 ዓመት እንዳያልፍ ያዛል። ስሌቱ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ነው። ከባዱ ነገር የመጀመሪያውን ልኬት የመዘገበና መዝገቡን ያላጠፋ መሥሪያ ቤት ማግኘቱ ነው። ረጅም ለሆነው ቧንቧ ደግሞ በሆዱ ውስጥ ከጋዙ ወይም ከነዳጁ ጋር እየተጓዘ የሳሳውን ቦታ የሚመዘግብ መሣሪያ አለ፤ ባለሙያዎቹ በቀልድ አሳማ ይሉታል። ቧንቧው ሲሠራ አሳማው እንዲያልፍበት ሆኖ ካልተሠራ በኋላ ማስተካከሉ እጅግ ውድ ነው።

ይህን የናቁ አገሮች ምን ገጠማቸው? በሜክሲኮዋ ጓዳላሃራ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1992 የከተማው የፍሳሽ መስመር ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ምክንያቱ ዚንክ የተለበጠ የውሃ ቧንቧ በቤንዚን ቧንቧ ላይ ተነካክቶ በመቀበሩ የቤንዚኑ ብረት ተበልቶ መበሳቱ ነበር። ነዋሪዎች የቤንዚን ሽታ እንዳለ ቀናት ቀደም ብለው ተናግረዋል። ሰፈሩ ይለቀቅ ያለ ባለሥልጣን ግን አልተገኘም። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ካርልስባድ አጠገብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2000 ከውስጥ የዛገ የጋዝ ቧንቧ ፈንድቶ በወንዝ ዳር የሰፈሩ 12 ዘመዳሞችን ፈጀ። ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ የአሜሪካ ኮንግረስ የቧንቧ ባለቤቶች በሕዝብ አቅራቢያ የሚያልፉ መስመሮችን በየጊዜው እንዲመረምሩ በሕግ አስገደደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። እኛ ግን ጅቡ ገና ሳይመጣ የመጮህ ዕድል አለን፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረትም ያወረሱን አባቶቻችን ናቸው።

አሰብን ስናስብ የረሳነው

ኢትዮጵያ በዚህ ሙያ ጭራሽ ባዶ እጇን አልነበረችም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1959 ሞስኮን ጎብኝተው ባገኙት ብድር የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀመረ። በዚያው የሶቪየት ወዳጅነት የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ተከፍቶ ስለ ብረታ ብረት ቴክኖሎጂና ስለ ኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ማስተማር ጀምሮ ነበር። ጥምረቱን ልብ በሉ፤ በአንድ ወገን ብረቱ፣ በሌላው ወገን ብረቱን የሚያውቀው ሰው። ከዲሜጥሮስ ወፍጮ ጋር ሲተያይ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው።

አሰብ ለብረት ክፉ አገር ነው። ሙቀቱ፣ የባሕሩ ጨውና ከድፍድፍ ነዳጁ የሚመጣው ድኝ ተባብረው ቱቦውንም ታንከሩንም ይበላሉ። እንዲህ ባለ ቦታ ማጣሪያ ለሠላሳ ዓመት እንዲሠራ ማድረግ በየጊዜው መክፈት፣ መለካት፣ የሳሳውን ቆርጦ መተካትና መልሶ መበየድ ይጠይቃል። ይህን የሠሩ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች፣ በያጆችና ቴክኒሻኖች የአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የነዳጅ ብረት ሐኪሞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1997 ማጣሪያው አያዋጣም ተብሎ ተዘጋ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. የኢትዮ ኤርትራ ጦርነት ተነሳ፤ ሰዉም ተበተነ።

ስለ አሰብ ወደብ የጻፍነው ቀለም ቢጠራቀም ባሕሩን ይሞላዋል። ስለ ማጣሪያው ሰዎች የጻፍነው ግን ብርጭቆ አይሞላም። ወደብ በድርድርም በሕግም ሊጠየቅ ይችላል። ሠላሳ ዓመት በእሳትና በጨው መካከል የተጠራቀመ የእጅ ዕውቀት ግን ተተኪ ሳያሠለጥን ከተበተነ የሚመልሰው ፍርድ ቤት የለም። መንግሥታችን ስለ ባሕር በር ሲያወራ ዕውቀትን ከንብረት ዝርዝር ውስጥ አያስገባም። ተቃዋሚውም ቢሆን በዚህ አይለይም።

ዛሬ ይህ ሙያ በዓለም ዙሪያ ማዕረግ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ የቧንቧ መሐንዲሶች የመሠረቱት ናስ የተባለው የዝገት ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ከአቻ ማኅበሩ ጋር ተዋሕዶ አምፕ ተብሏል፤ የልባስና የካቶዲክ ፕሮቴክሽን ባለሙያዎችን በደረጃ እየፈተነ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ለቧንቧ መርማሪ 570፣ ለታንከር መርማሪ 653 የተባሉ ፈተናዎች አሉት። ወደ ሙያው ለመግባት የግድ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አይጠየቅም። ጥሩ በያጅ ሆኖ የጀመረ ወጣት ብየዳ መመርመርን፣ ከዚያም ሳያፈርሱ መፈተሽን ተምሮ በልምድና በፈተና ከፍ ሊል ይችላል። ይህን ወረቀት ይዘው በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በሰሜን አሜሪካ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። ሰው አላጣንም። ያጣነው ሰውየው አገሩ ገብቶ የሚሠራበትን ወንበር ነው።

የመካኒኩ ፊርማ

«ኢትዮጵያዊ ጥገና አይችልበትም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መልሴ አንድ ነው፤ ወደ ቦሌ እጠቁመዋለሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ በመጀመሪያ በአሜሪካኖች እጅ፣ ኋላም በራሱ ልጆች እጅ ሲጠገን ኖሯል። አውሮፕላን በየተወሰነ የበረራ ሰዓቱ ይፈተሻል። ስንጥቅና ዝገት በኤክስሬይ፣ በድምፅ ሞገድና በቀለም ይፈለጋል። ፈቃድ ያለው መካኒክ ካልፈረመ አውሮፕላኑ አይነሳም። ሚኒስትር ቸኩያለሁ ቢል፣ ዋና ሥራ አስኪያጅ ቢቆጣ ፊርማው በሌላ ፊርማ አይተካም።

ይህን የሚሠራው መካኒክ የደብረ ብርሃን፣ የጅማ ወይም የአድዋ ልጅ ነው። የውሃ መሥሪያ ቤት ወይም የነዳጅ ዴፖ ውስጥ ቢቀጠር ኖሮ ሌላ ሰው አይሆንም ነበር። ልዩነቱ ከባሕልም ከዘርም አይደለም። ልዩነቱ በአንዱ ቤት ሕጉ ለፈታሹ «አይሆንም» የማለት ሥልጣን የሰጠው መሆኑ ነው። በሌላው ቤት ፈታሹ የታዘዘውን ፈርሞ ደሞዙን የሚቀበል ሠራተኛ ነው። እውነቱን ከጻፈ ምርቃት አጓተተ ይባላል፤ ዝም ካለ ያድጋል። በድሮ ዘመን ብረት አዋቂውን ቡዳ ብለን ዝም አሰኘነው፤ በዘመናችን ደግሞ «ፀረ ልማት» የሚል ስም አወጣንለት። ስሙ ተለወጠ እንጂ ዝምታው አልተለወጠም።

ደብረ ብርሃን ምን ትጠብቃለች?

በሰሜን ሸዋ የሚኖር ወገኔ ይህን ሲያነብ ይቆጣ ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉን ባመሰው ጦርነት መካከል፣ ደብረ ብርሃን ተፈናቃይ ታቅፋ ስትኖር ስለ ቧንቧ ዝገት ማውራት የጠገበ ሰው ጨዋታ አይደለምን? ቁጣው ተገቢ ነው፤ ሰላም ከሁሉ ይቀድማል። ነገር ግን የተጠጋ ወገን የሚጠጣው ውሃ የሚመጣው በዚያው በተቀበረው ብረት ነው። አዲስ አበባ እንኳ ከምታመርተው ውሃ ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ገቢ ሳያስገኝ እንደሚቀር በተለያዩ ዓመታት ሲነገር ቆይቷል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ያረጀና የሚያፈስ ቧንቧ ነው። ድሃ አገር አዲስ ቧንቧ ደጋግሞ መግዛት ስለማይችል የቀበረውን ማስታመም ከሀብታሙ ይልቅ ለእርሱ ይብሳል።

ደብረ ብርሃን ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ሆናለች። ከብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ጀምሮ እስከ ቢራ ጠመቃዎቿና እስከ ኢንዱስትሪ ፓርኳ ድረስ የእንፋሎት ማሞቂያ፣ ግፊት ያለው ታንከርና የብረት ቱቦ ሞልቷታል። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው ዩኒቨርሲቲዋ መሐንዲሶች ያወጣል። ብረቱም አለ፣ ተማሪውም አለ፣ መረሬውም አለ። የዝገት ትምህርትን በተግባር ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ቤተ ሙከራ ከወዴት ይገኛል?

ስለዚህ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ የነዳጅና የጋዝ መስመሮችን፣ ታንከሮችንና የእንፋሎት ማሞቂያዎችን የሚመረምር ባለሙያ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚጠየቅበት፣ ሥራ የማስቆም ሥልጣኑም በሕግ የተጻፈ ይሁን። ባለቤቱም ተቆጣጣሪውም መንግሥት በሆነበት አገር ይህ ካልተጻፈ ፊርማው ጌጥ ነው። ሁለተኛ፣ ከካሉብ ወደ ጎዴ ለሚዘረጋው መስመር የሚፈረመው ውል ስለ ጋዙ ዋጋ ብቻ አያውራ። የመጀመሪያው የውፍረት ልኬት፣ የአፈሩ ቅየሳና የብየዳው ምርመራ መዝገብ በኢትዮጵያ እጅ እንዲቀር፣ የኢትዮጵያ ልጆችም ከመጀመሪያው ብየዳ ጀምሮ በመርማሪነት እንዲሠለጥኑ ያስገድድ። ቧንቧው ከተቀበረ በኋላ የሚጠየቅ መዝገብ የለም። ሦስተኛ፣ የምርመራው ውጤት ቧንቧው በደጁ ለሚያልፍበት ሕዝብ ይገለጽ። የጓዳላሃራ ሰዎች ሽታውን ከባለሥልጣኑ ቀድመው አውቀውት ነበር፤ የሶማሌ ክልል አርብቶ አደርም ከማንም ቀድሞ የሚያሸተው እርሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ከጂቡቲ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር የነዳጅ ቧንቧ ለመዘርጋት ስምምነት ተፈርሞ ሳይሠራ መቅረቱን እናስታውሳለን። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የኢትዮጵያን ጋዝ ወደ ጂቡቲ የሚያደርስ 767 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ለመዘርጋት ሁለቱ መንግሥታት ተፈራርመዋል። በፊርማ በኩል ድሆች አይደለንም። ድህነታችን ከፊርማው በኋላ ባለው ሠላሳ ዓመት ላይ ነው። በዚያ ሠላሳ ዓመት ውስጥ መንግሥት ይለወጥ ይሆናል፤ ባንዲራው ላይ እንጨቃጨቅ ይሆናል፤ ብረቱ ግን ማን እንደ ነገሠ ሳይጠይቅ በየዓመቱ ድርሻውን እየተበላ ይሄዳል።

ዐፄ ምኒልክ ብረት ሠሪው እንዳይሰደብ ካወጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። የቀረን ሌላው ግማሽ አዋጅ ነው፤ ብረት አዋቂው ሲናገር እንዲደመጥ። ያን ጊዜ ጠይቡ እንደገና ጠቢብ ይባላል።

ቸር ወሬ ያሰማን።